የረቡዕ በረዶና የሐሙስ መጥረቢያ

በረዶው የወረደው ረቡዕ ነው፤ ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ዓባይነህ ቀርቀሃ የቆረጠው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ መጻፌ ኋላ ብዙ ስለተባለበት ነው። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በረዶው ሲወርድ ፈረሴን እያስገባሁ ነበር፤ መጥረቢያው ሲመታ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣሁ ነበር።

ያን ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን የፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ነበርኩ። የተመረጥኩት ዳዊት ስለደገምኩ ነው። ጽሕፈት የተማርኩት ግን በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከልጅ ልጆቼ ጋር አንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ። ከእኔ ሌላ ሁለት ዳኞች ነበሩ። አንዱ ክንዴ የሚባል ነው፤ አፉ አያርፍም። ሌላው ጆሮው አይሰማም፤ ስለዚህ በሁሉም ነገር ይስማማል።

አገራችን በአገው ምድር፣ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ ወደ ጥርባ መለስ ብሎ ነው። ገብስና ድንች ነው የምናበቅል። ገብሱ እሸት ይዞ ነበር። በረዶው ከሩብ ሰዓት አልበለጠም፤ ሲያባራ ማሳው ሁሉ ከብት ያደረበት መሰለ።

በእኛ ዘንድ በረዶ ሲመታ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ጠፋ?» አይደለም። «ማን ሠራ?» ነው። በበዓል ቀን የሠራ ሰው በረዶ ያስመታል። አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል፤ እኔም ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ረቡዕ የሠራ ሰው አልተገኘም። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ስለዋለ ሁሉም ከቤቱ ነበር። ሰዉ ረቡዕ ማታ አዝኖ ተኛ። ስለ ገብሱም ነው፤ ግን ይበልጥ ያሳዘነው የሚወቀስ ሰው መጥፋቱ ነው።

ሐሙስ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ቅዳሴ ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ከዓባይነህ ጓሮ መጥረቢያ ተሰማ።

«ተገኘ!» አለች ልክየለሽ። ገብሷ ከሁሉም የከፋ የተመታባት እሷ ነበረች። ፊቷ ግን በራ።

ዓባይነህ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከእናቱ ከእታለማሁ ጋር ይኖራል። እታለማሁ ታማ መደብ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። የረቡዕ በረዶ ከነፋሱ ጋር ሆኖ የቤታቸውን ክዳን ከጉልላቱ ገሽልጦታል። አሮጊቷ ሌሊቱን በቁርበት ተሸፍና አደረች። ሲነጋ ልጅዋ ሣር አመጣ፤ ረፋድ ላይ ቀርቀሃ ቆርጦ ጣራው ላይ ወጣ። እኛ ስንደርስ እዚያው ላይ ነበር።

«ውረድ!» አሉት።

«ልጨርስና።»

«ጨርሰኸናል እኮ!» አለው አንዱ ከሥር።

በእኛ ደንብ በረዶ ያስመታ ሰው ይወገዛል። እሳት አይጫርለትም፤ ቢታመም አይጠየቅም፤ ቢሞት አይቀበርም። ውግዘቱ ለቤተሰቡም ነው። ዓባይነህ ለራሱ አልፈራም። እናቱ ግን መስከረምን የምትዘልቅ አትመስልም ነበር፤ ሬሳ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያወጣም። በዚያው ቀን ወደ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

«አያ ሸጋው፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት። እኔን ያድርጉኝ የፈለጉትን። እናቴ የምትቀበርበትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እሑድ ሸንጎ ይቀመጣል» አልኩት።

ዓርብ ዕለት ከዳንግላ የፖለቲካ ካድሬው ጓድ ደጉ መጣ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር በየማኅበሩ እየዞረ ያስተምር ነበር። ዘንገና ዳር ሰበሰበን። ትምህርቱ ስለ ምክንያትና ውጤት ነበር። ስለ በረዶው የሰማው ነገር አልነበረም። በፈረስ ያመጣው ሰው መንገድ ላይ ቃል አልተነፈሰለትም፤ እኛም ሳንጠየቅ አንናገርም።

«ጓዶች፣» አለ፣ «ምክንያት ይቀድማል፤ ውጤት ይከተላል። ይህ ለንጉሥም ለደመናም የማይታጠፍ ሕግ ነው። ተመልከቱ።» ድንጋይ አንሥቶ ሐይቁ ውስጥ ወረወረ። ውኃው ክብ እየሠራ ሄደ። «ድንጋዩ ምክንያት፤ ሞገዱ ውጤት። ሞገዱ ቀድሞ ድንጋዩ ሊከተል ይችላል?»

ክንዴ እጁን አወጣ። «ጓድ ደጉ፣ ድንጋዩን ለምን ወረወርከው?»

«ሞገዱን ላሳያችሁ ነዋ።»

«እንግዲያስ ያስወረወረህ ሞገዱ ነው።»

ሰው ሳቀ። ጓድ ደጉ አልሳቀም፤ ደብተሩን ገለጠ፤ የሚፈልገውን ያገኘ አልመሰለኝም። «ይህ ሐሳባዊነት ይባላል» ብሎ አለፈ። ክንዴ ስሙ ስለወጣለት ደስ አለው።

ዓባይነህ ከኋላ ቆሞ ነበር። አልሳቀም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። የካድሬውን ቃል እያጠና ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ጓድ ደጉም ሊታዘብ መጣ። ክርክሩ በአገውኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ለጓድ ደጉም አልፎ አልፎ እነግረዋለሁ።

ከሳሽ ሕዝቡ ነው። ስለ ሕዝቡ የቆሙት ቄስ ሀብቱ ናቸው። ክሱ አጭር ነበር፦ በተክለ ሃይማኖት ሠራ፣ በረዶ መታን።

ዓባይነህ ቆመ። እጁን ወደኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ ተናገረ። «ምክንያት ይቀድማል፤ ውጤት ይከተላል። በረዶው ረቡዕ ወረደ። እኔ የሠራሁት ሐሙስ ነው። ደግሞም የሠራሁት በረዶው ቤቴን ስላፈረሰው ነው። በረዶው ባይመጣ ምን ልሠራ ጣራ እወጣ ነበር?»

ጓድ ደጉ ስተረጉምለት ጭኑን መታ። «ይኸውላችሁ! ሦስት ቀን ሳይሞላው ገበሬው ነቅቷል! ይህ ሰው ነጻ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ ነጻ አውጥቶታል።»

ቄስ ሀብቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አውቀዋለሁ፤ ሲመጡ ተዘጋጅተው ነው።

«ልጄ ዓባይነህ፣ ቀን የሚገባው መቼ ነው?»

«ሲነጋ ነው፣ አባ።»

«በመንግሥት ሊሆን ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚገባው ከዋዜማው ማታ ነው። ረቡዕ ፀሐይ ስትጠልቅ ተክለ ሃይማኖት ገብቷል። በረዶው የወረደው በተክለ ሃይማኖት ነው። አንተም የሠራኸው በተክለ ሃይማኖት ነው። አንድ ቀን ነው።»

«ቢሆንም አባ፣ በረዶው ማታ ነው፤ እኔ ረፋድ ነኝ።»

«ማታና ረፋድ ለእኛ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ባንድ ላይ ያያል። አንተ መጥረቢያ እንደምታነሣ ረቡዕ ማታ ያውቅ አልነበረም ወይ?»

ዓባይነህ አቀረቀረ። አያውቅም እንዳይል ክህደት ነው፤ ያውቃል እንዳይል ፍርድ ነው።

«ያውቅ ከነበረ፣» አለ ክንዴ፣ «ጣራውን ባያፈርስበት ምናለ?»

«አንተ ዳኛ ነህ ወይስ ጠበቃ?» አለችው ልክየለሽ።

«እኔ ሐሳባዊ ነኝ።»

«አባ፣» አልኩ እኔ፣ «በሰንበት በሬ ጉድጓድ ቢወድቅ ይወጣ የለም ወይ? እናቱ ዝናብ እየመታት ነበር።»

«ይወጣል። ለበሬ ተጽፏል» አሉ። «ለጣራ አልተጻፈም።»

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን በመንገድ ላይ ኮቴ ካየሁ ፈረስ አልፏል እላለሁ። ኮቴ ቀድሞ ታትሞ ፈረስ ሲጠራ አላየሁም። ይህን ግን አልተናገርኩም። ዳኛ ምሳሌ ካበዛ ወገን ይዟል ይባላል።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ መሐል አንዱ ተነሥቶ ሁሉንም ነገር የለወጠ ጥያቄ ጠየቀ። «ፍርዱስ ይቆይ፤ ኮታውን ከየት ልናመጣ ነው? የመንግሥት ገብስ የት አለ?»

ጓድ ደጉ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

ነገርኩት። «ገብሱ እኮ ጠፍቷል፣ ጓድ። ሁሉም።»

«ሁሉም?» ስለ በረዶ ሲያወሩ አንድ ማሳ መስሎት ኖሯል። ተነሣና ክንዴን ይዞ ሄዶ ማሳውን አየ። ሲመለስ ክንዴ እንኳ አልቀለደም። ጓድ ደጉ የክንዴን ትከሻ የያዘው እንዳይወድቅ ግድግዳ እንደሚደገፍ ሰው ነበር። ከዛፉ ራቅ አድርጎ ለብቻዬ አናገረኝ።

«አያ ሸጋው፣ ይህ ሰው ጥፋተኛ ነው።»

«ቅድም ነጻ ነው አልከን።»

«ቅድም ማሳውን አላየሁም።» ላቡን ጠረገ። «ውጤቱ ተጽፎ ሄዷል። አሁን ምክንያት ነው የጎደለን። ምክንያት ፈልጉ።»

ቀስ በቀስ አወጣሁት። ማኅበራት ለበዓሉ እየተወዳደሩ ነበር፤ ኮታውን ቀድሞ ያስገባ ባንዲራ ይሸለማል። ጓድ ደጉም ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን የእኛ ገብስ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል ብሎ ወደ ላይ ጽፏል።

«ያን ዕለት ገብሱ አረንጓዴ ነበር» አልኩ።

«ይደርስ ነበር እኮ!»

«የሚመጣውን ነው እንዳለፈ አድርገህ የጻፍከው?»

«ዕቅድ ማለት እንደዚያ ነው» አለ። እንደሚያምንበት ከፊቱ አየሁ። «አሁን ገብሱ የለም ስል ለምን ይሉኛል። አሻጥረኛ አጠፋው እላለሁ። ዓባይነህ በአሻጥር ብለህ ጻፍ፤ ዳንግላ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ምን አድርጎ አጠፋው ልበል? ጣራ ከድኖ?»

ደብተሩን አወጣና መልሶ ከተተው።

«በረዶ አስመጥቶ ካልኩ ትምህርትህ ፈረሰ» አልኩት።

«በረዶ አትጻፍ። አሻጥር በል፤ ይበቃል።»

ወደ ዛፉ አየሁ። ዓባይነህ ከኛ ዓይኑን አልነቀለም። ሩቅ ስለሆንን አይሰማም፤ ግን እጄን ያይ ነበር፤ እጽፍ እንደሆነ።

«እሺ» አልኩ። «ዓባይነህ ዳንግላ ሲሄድ መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። መዝገቡ ነሐሴ ሃያ ሦስት ገብሱ ማሳ ላይ ቆሞ ነበር ይላል። ያንተ ወረቀት ነሐሴ አሥራ አምስት ጎተራ ገብቷል ይላል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ጎተራ የገባ ገብስ ማሳ ላይ አይጠፋም፤ በአሻጥርም ቢሆን።»

የወጣት ፊት በአንድ ጊዜ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

«ቀጠሮ።»

«ምን ያህል?»

«ከበዓሉ የሚያሳልፍ።»

«ቅጠሩ» አለና ፈረሱ እንዲጫን አዘዘ።

ካድሬው ሄደ፤ ሕዝቡ ግን አለ። ቀጠሮ አልኩ ብዬ ብነሣ እነዚያው ሰዎች ማታውኑ ያወግዙታል። እያንዳንዳቸውን ተመለከትኩ። ተቆጥተዋል፤ ግን ቁጣው እየሰለቸም ነበር፤ ፀሐዩ ጠንክሯል።

«አባ ያሉትን ሰማሁ» አልኩ። «የሐሙስ ሥራ የረቡዕን በረዶ ያመጣል። እሺ፣ ልቀበል። ሐሙስ ከሆነ፣ የሚመጣው ወር ተክለ ሃይማኖትስ? የከርሞውስ? ከርሞ በበዓል መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጦ ይሆናል። እግዚአብሔር እሱንም ያውቀዋል። የረቡዕ በረዶ በእሱ ምክንያት አለመሆኑን በምን እናጣራለን?»

ሰዎቹ ጎረቤት ጎረቤታቸውን ያዩ ጀመር።

«ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ በበዓል እንደማይሠራ ይማል። ለመሐላውም ዋስ ይጥራ። የማለና ዋስ የጠራ ሁሉ ነጻ ነው፤ የቀረው ዓባይነህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እፈርዳለሁ።»

በእኛ አገር መሐላ ቀላል ነው። ዋስ ግን ቀላል አይደለም። ዋስ የሆነ ሰው አብሮ ይወድቃል።

«እኔ እምላለሁ!» ብላ ልክየለሽ ተነሣች። ባሏን አየችው። ባሏ መሬት አየ።

«ዋስ ሁነኝ እንጂ፣ አንተ ሰው!»

«ተቀመጪ» አላት። «ባለፈው ሚካኤል ድንች ማን ቆፈረ?»

«የወጥ ነበር!»

«ለወጥ አልተጻፈም» አለ ክንዴ።

«አባ ይጀምሩ» አልኩ።

«ካህን አይምልም» አሉ ቄስ ሀብቱ።

«መሐላው ይቅር። ዋስ ብቻ ይጥሩ።»

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሁሉም የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው። አንዱ ጫማውን አወለቀና ጠጠር ፈለገ። አንዱ ወደ ሰማይ አየ። ማንም አልተነሣም። ቄስ ሀብቱ መቋሚያቸውን አነሡ። ፈገግታው የለም።

ጉዳዩ ለማጣራት ለጥቅምት ሃያ አምስት መቀጠሩን ጻፍኩ። ፍርድ እስኪሰጥ ማንም ማንንም እንዳያወግዝም ጨመርኩ። ጆሮው የማይሰማው ዳኛ ተስማማ።

በዓሉ ተከበረ። ማኅበራችን ባንዲራ ተሸለመ። ከዚያም በወረቀት ነሐሴ ላይ ጎተራ የገባውን ገብስ ለማስረከብ ሰዉ መስከረም ሙሉ ዳንግላ ገበያ ገብስ ሲገዛ ከረመ። ጓድ ደጉ በሥራው ተመስግኖ ወደ ሌላ አውራጃ አደገ።

እታለማሁ መስከረምን ዘለቀች። ጥቅምት ዘጠኝ ንጋት ላይ ዐረፈች። ዓባይነህ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ አልጮኸም። ቆሞ ጠበቀ። እንዲጮህ መብት እንዳለው አላወቀም መሰለኝ። እኔ ቀድሜ ደረስኩና ለሱ ጮህኩለት።

ሰው መጣ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ሁሉም። ፍርድ አልተሰጠም፤ አልተወገዘም፤ ስለዚህ መቅረት አይቻልም። ሬሳውን ልክየለሽ አጠበች። ክንዴ ከቀርቀሃው ቃሬዛ ሠራ። ቄስ ሀብቱ ፈቱ። አፈር ሲለብስ ሁሉም አለቀሰ፤ አሮጊቷን ይወዷት ነበር። በረዶውን ያን ዕለት ያነሣ የለም።

ጥቅምት ሃያ አምስት እሑድ ነበር። ከኮሶው ሥር ተቀምጬ መዝገቡን ገለጥኩ። ሰዎች የመጡት ስለ ግጦሽ ለመነጋገር ነው። የዓባይነህን ስም ስጠራ ተያዩ።

«የምን ክስ?» አሉ ቄስ ሀብቱ። «እሱ ነጻ ነው።»

«በምን ተጣራ፣ አባ?»

«እናቱን ቀብረናል እኮ። በረዶ ያስመታ ሰው እናት ትቀበራለች? አትቀበርም። እሷ ተቀብራለች። ስለዚህ አላስመታም።»

«እውነት ነው» አለች ልክየለሽ። «እኔ ራሴ አጥቤያታለሁ። ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ አጥባት ነበር?»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ተስማማ። ሁሉም ከልቡ ነበር። ሲዋሹ አውቃቸዋለሁ።

«እንግዲያስ ዛሬ ጥቅምት ሃያ አምስት ነጻ ነህ ብዬ ልጻፍ?»

«ዛሬ አይሆንም» አሉ ቄስ ሀብቱ ቶሎ። «ዛሬ ከሆነ በዘጠኝ የቀበርነው ገና ከክስ ያልወጣ ቤት ሬሳ ነው። ፍትሐቱም፣ እንባውም ነገር ይገባበታል። ከቀብሩ በፊት አድርገህ ጻፈው። ስምንት በል።»

«በስምንት ሸንጎ አልተቀመጠም።»

«አያ ሸጋው፣» አለ ክንዴ፣ «በረዶ እንኳ ሰው ፊት ሳያፍር ቀኑን ገለበጠ። እርስዎ ምን ሆነው ነው?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጽሕፈት ከተማርኩ ወዲህ ቀን ለውጬ ጽፌ አላውቅም። ጓድ ደጉን ያሸማቀቅኩት በቀን ነው። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ዓባይነህ ተነሣ። ጠጉሩ ለሐዘን ተላጭቷል። የካድሬውን ቃል የሚደግም መስሎኝ ነበር።

«አያ ሸጋው፣ ይጻፉት» አለ። «አርባዋ ገና ነው።»

ተዝካር ያለ ሰው አይወጣም። ሰዉ ዛሬ ነጻ ነው ይላል፤ ወረቀት ከሌለ ግን ነገ ቃሉን ለመለወጥ አንድ ደመና ይበቃዋል። ብዕሩን አነሣሁ። ጥቅምት ስምንት ቀን ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ብዬ ጻፍኩ።

«ነጻ የወጣበት ምክንያት ምን ይባል? በረዶው ቀድሞ ስለወረደ ልበል?»

«እሱን ተወው፤ ያከራክራል» አሉ ቄስ ሀብቱ። «እናቱን ወገን ስለቀበራት በል።»

«በስምንት ገና በሕይወት ነበረች፣ አባ።»

«እናውቃለን» አሉ። «ጻፍ።»

ጻፍኩ። ዳኞቹ ፈረሙ፤ ጆሮው የማይሰማው አውራ ጣቱን አኖረ። ዓባይነህ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተና ስንት ካህን መጥራት እንዳለበት ቄስ ሀብቱን ጠየቃቸው። በማግስቱ ለተዝካሩ ጌሾ ፍለጋ እንጅባራ ወረደ።